በቤት ውስጥ ቢራ አጠማመቅ፦ ለጀማሪ 10 ሊትር

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠምቁ ብቅል ፈጭቶ ማጥለሉን ለሌላ ቀን ያቆዩት። 1.3 ኪሎ ደረቅ የብቅል ኤክስትራክት (የብቅል ጭማቂ ደርቆ ዱቄት የሆነ)፣ አልፋ አሲዱ (ምሬት የሚሰጠው ንጥረ ነገር) 6 በመቶ አካባቢ የሆነ 25 ግራም ሆፕስ (ለቢራ ምሬትና መዓዛ የሚሰጥ አበባ)፣ 6 ግራም ደረቅ የቢራ እርሾ እና 12 ሊትር ውሃ ይበቃል። ውሃው ክሎሪን ክሎሪን የሚሸት ከሆነ በካርቦን ማጣሪያ ያሳልፉት፤ አለበለዚያ ቢራው መድኃኒት መድኃኒት ይላል።

ቢያንስ 16 ሊትር በሚይዝ ድስት ውሃውን ያሙቁ። ከእሳት ያውርዱትና ኤክስትራክቱን እያማሰሉ ይጨምሩ፤ እሳት ላይ እንዳለ ከጨመሩት ሥር ይዞ ያርራል። መልሰው ሲጥዱት አጠገቡ ይቁሙ፣ መንተክተክ ሲጀምር አረፋው በድንገት ይገነፍላል። አረፋው ሲበርድ 15 ግራም ሆፕስ ጨምረው ሳይከድኑ 60 ደቂቃ ያፍሉት። የቀረውን 10 ግራም ሊወጣ 5 ደቂቃ ሲቀረው ይጨምሩ። ምሬቱ የሚወጣው ብዙ ሲፈላ ነው፤ መዓዛው ግን ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል፣ ለዚህ ነው ሆፕሱ ለሁለት የሚከፈለው።

እሳቱ ከጠፋ ወዲህ ፈሳሹን የሚነካ ነገር ሁሉ፣ ማንኪያውም ክዳኑም ቱቦውም፣ መጀመሪያ በደንብ ታጥቦ ከዚያ በሳኒታይዘር (ጀርም በሚገድል ፈሳሽ) መነከር አለበት። በቆሸሸ ዕቃ ላይ ሳኒታይዘር ዋጋ የለውም። አብዛኛው የኮመጠጠ ቢራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ድስቱን በረዶ ባለበት ውሃ ውስጥ አስቀምጠው እስከ 20 ዲግሪ ያቀዝቅዙ። ወደሚብላላበት ባልዲ ከፍ አድርገው እያንቧቡ ሳይሆን በዝግታ የሚገለብጡ ብዙ ናቸው፤ እዚህ ላይ ግን መንቧቧቱ ይፈለጋል፣ እርሾው ለመራባት ኦክስጅን ያስፈልገዋል። መጠኑ ከ10 ሊትር ካነሰ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ይሙሉት። እርሾውን ነስንሰው ይክደኑና ኤርሎኩን (ጋዝ የሚያስወጣ፣ አየር የማያስገባ መክደኛ) ይግጠሙ።

ባልዲውን ከ18 እስከ 20 ዲግሪ በሆነ ጨለማ ቦታ ያኑሩት። ሲብላላ ራሱ ሙቀት ስለሚያመነጭ ከክፍሉ ጥቂት ዲግሪ ይበልጣል፤ የሚለካው የባልዲው ሙቀት ነው። ከመጠን በላይ ከሞቀ ጉሮሮ የሚያቃጥል አልኮል ይወጣዋል።

ኤርሎኩ ቡልቅ ቡልቅ ማለቱን ስላቆመ አለቀ ብለው አይመኑት። ክዳኑ ትንሽ ካስተነፈሰም ያቆማል። ሃይድሮሜትር (የፈሳሹን እፍጋት ከውሃ ጋር አነጻጽሮ የሚለካ መሣሪያ) ይጠቀሙ፦ መነሻው 1.048 አካባቢ ነው፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ከ1.010 እስከ 1.014 መውረድ አለበት። በሦስት ቀን ልዩነት ተለክቶ ቁጥሩ ካልተቀየረ ብቻ ወደ ጠርሙስ ይሂዱ። ሳያልቅ የታሸገ ቢራ ጠርሙስ ያፈነዳል።

ለእያንዳንዱ ሊትር 6 ግራም ስኳር በጥቂት ውሃ አፍልተው ንጹሕ ባልዲ ውስጥ ያድርጉ፣ ቢራውን አተላውን ሳይነኩ በቱቦ ያውርዱበት። አሁን መንቧቧት የለም፤ በዚህ ደረጃ የገባ ኦክስጅን ቢራውን ያስረጀዋል። ቡናማ የቢራ ጠርሙሶች ላይ ከአፉ 3 ሴንቲ ሜትር አጉድለው በቆርኪ ያሽጉ። ብርሃን የሚያስገባ ጠርሙስ የሆፕሱን ጣዕም ያበላሻል።

በ20 ዲግሪ ሁለት ሳምንት ይቆይ። አንዱን አቀዝቅዘው ይክፈቱ። ጋዝ ካነሰው ሌሎቹን አንድ ሳምንት ይጨምሩላቸው፤ ገንፍሎ ከወጣ ግን የቀሩትን ፊትና እጅ ሸፍነው ቶሎ ፍሪጅ ያስገቡ።