ጄኔቲክስ ስናስተምር የምንሠራቸው ስህተቶች

ደሴ ላይ ለባዮሎጂ ተማሪዎች ጄኔቲክስ ማስተማር ከጀመርኩ ቆየሁ። እዚህ የምዘረዝራቸውን ስህተቶች በሙሉ ሠርቻቸዋለሁ፤ አንዳንዶቹን ደጋግሜ።

ከሳጥን መጀመር

ትልቁ ይኼ ነው። አንዴ ጎበዝ የምትባል ልጅ ሰሌዳ ላይ ወጥታ 16 ክፍል ያለውን የፑኔት ሳጥን (የወላጆች ጂኖች በልጆቹ ላይ እንዴት እንደሚገናኙ በፊደል የሚሰላበትን ሠንጠረዥ) አንድም ሳትሳሳት ሞላችው። የልጆቹ ምጥጥን 9፡3፡3፡1 ወጣላት። "ጎሽ! በይ አሁን ይቺ ትልቋ 'አር' ሴሉ ውስጥ የት ነው ያለችው?" አልኳት። ጠመኔውን እንደያዘች ቀረች። ክፍሉን ጠየቅኩ፤ ጭጭ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ሚዮሲስን (ሴል ተከፍሎ እንቁላልና የዘር ሴል የሚሆንበትን ሂደት) በአንድ ሰዓት አሯሩጬ ወደ ሂሳቡ ስለገባሁ ሳጥኑ ለእነሱ ፊደል የሚደረደርበት ጨዋታ ሆኖ ቀረ።

አሁን መጀመሪያ በክሮሞሶም (ሴል ውስጥ ጂኖችን በተሸከመው አካል) ፈንታ ክር ነው የማሲዛቸው። ረጅም ቀይ ከእናት፣ ረጅም ሰማያዊ ከአባት፣ አጭሩም እንደዚያው። እያንዳንዱን በራሱ አምሳያ፣ ቀዩን በቀይ ሰማያዊውን በሰማያዊ፣ ደርበው መሃሉ ላይ ያስሩታል። ከዚያ ጥንድ ጥንዱን ጠረጴዛው ላይ አሰልፈው ወዲህና ወዲያ ይለያዩታል። ረጅሙ ቀይ ወደ ቀኝ ስለሄደ አጭሩ ቀይ አብሮት እንዲሄድ የሚያስገድደው ነገር እንደሌለ በእጃቸው ሲያዩት የሜንዴል ሁለተኛ ሕግ (የተለያዩ ባሕርያት ጂኖች አንዱ ሌላውን ሳይከተል ይከፋፈላሉ የሚለው) መሸምደድ አያስፈልገውም። (ሁለቱ ጂኖች አንድ ክር ላይ ከተቀመጡ ነገሩ ሌላ ነው፤ እሱ በኋላ ይመጣል።)

ዶሚናንትን "አሸናፊ" ማለት

ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ቢሆንም ሲከብዳቸው በአማርኛ እናብራራለን፤ ዶሚናንት (አንድ ቅጂው ብቻ ቢኖርም የሚታይ) ለሚለው አፋችን ላይ የሚመጣው ደግሞ "የሚያሸንፈው" ነው። ተማሪው ጠንካራ፣ ጤነኛ፣ ብዙ ሰው ላይ ያለ ብሎ ይይዘዋል። ስድስተኛ ጣት ብዙ ጊዜ በዶሚናንት አሌል (የአንድ ጂን አንዱ ዓይነት) ይመጣል፣ ግን ስንት ሰው አለው? ኦ የደም ዓይነት ረሴሲቭ (ከሁለቱም ወላጆች ሲወረስ ብቻ የሚታይ) ነው፣ ክፍሉ ግን በኦ የተሞላ ነው። የሜንዴል የተጨማደደ አተርም ተሸንፎ አይደለም። ስታርች የሚሠራበት አንዱ ኢንዛይም ስለተበላሸ ስኳር ይበዛበታል፣ እርጥበት ይይዛል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። አንድ ደህና ቅጂ ካለ ግን ለሥራው ይበቃል። ትግል የሚባል ነገር የለም።

ከአተር አለመውጣት

ሰኞ ገበያ ዶሮ የገዛ ሁሉ "ድርብ" እና "ነጠላ" ያውቃል፤ አናቱ ላይ ያለውን ቀይ ሥጋ ማለቴ ነው። ነጠላው ረሴሲቭ ነው። ይህን የነገርኳቸው ቀን፣ ከኋላ ወንበር የማይነሳው ልጅ ሁለት ድርብ ዶሮዎች ነጠላ ጫጩት እንዴት እንደሚያወጡ ለጓደኞቹ ሲያስረዳ ሰማሁት። የአያቱ ቤት አይቶት ኖሯል።

3፡1ን እንደ ውል ማቅረብ

ሁለቱም ወላጆች ዶሚናንቱንም ረሴሲቩንም ከያዙ ለሦስት ዶሚናንት አንድ ረሴሲቭ ይጠበቃል፤ ግን አራት ጫጩት ሲፈለፈል ልክ ሦስት ለአንድ የመውጣቱ ዕድል 27/64 ነው፣ ከግማሽ በታች። ሜንዴል ራሱ 5474 ድቡልቡልና 1850 የተጨማደደ ቆጥሮ ያገኘው 2.96 ለ 1 ነው፤ ያውም ከ7 ሺህ በላይ ዘር ለቅሞ። ሳንቲም አስወርውሯቸው፣ ይገባቸዋል።

ምላስ መጠቅለል

በዚህኛው አፍራለሁ። ቤታችሁ ሄዳችሁ ማን ምላሱን መጠቅለል እንደሚችል አጣሩ ብዬ የቤት ሥራ ሰጠሁ። በማግስቱ አንድ ልጅ ቢሮ መጣ። "መምህር፣ እናቴም አባቴም አይችሉም፣ እኔ እችላለሁ። እና የማን ልጅ ነኝ?" እየሳቀ ነው የጠየቀኝ፣ ዓይኑ ግን አይስቅም። ነገሩን በ1940 እ.ኤ.አ. ዶሚናንት ነው ብሎ ያወጣው የጄኔቲክስ ተመራማሪው ስተርተቫንት ነበር፤ በ1952 ግን ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች አንዱ ሲችል ሌላው እንደማይችል ታየ፣ እሱም በኋላ መሳሳቱን አመነ። ይህን ሁሉ ለልጁ ቁጭ ብዬ አስረዳሁት። የጆሮ ጫፍ መጣበቅ ወይም መንጠልጠልም ያው ነው፣ በአንድ ጂን የሚወሰን አይደለም። የተማሪ ቤተሰብ የላብራቶሪ ዕቃ አይሁን፤ ዶሮው ይበቃል።

ፈተና

ሂሳብ ብቻ ከጠየቅን ሂሳብ ብቻ ያጠናሉ። አሁን አንዱ ጥያቄዬ እንዲህ ይላል፦ "አንድ ሰው ሁለት ድርብ ዶሮ ገዝቶ ነጠላ ጫጩት ቢወጣለት ተታለልኩ ብሎ ሻጩን ሊከስ ይሄዳል። ሳጥን ሳትሥሉ፣ ክሮሞሶሞቹ ምን እንዳደረጉ ጽፋችሁ አስታርቋቸው።"