ግድግዳው ከመፍረሱ በፊት፦ በእድሳት ፈቃድ ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ፈቃድ እንደሚያስፈልገው ያውቃል። እድሳት ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። «ቤቱ የራሴ ነው፣ ሥራው የውስጥ ነው፣ ምን ፈቃድ ያስፈልገዋል?» ይባላል። የእድሳት ፕላን ስመረምርና ሳይት ስከታተል በኖርኩባቸው ዓመታት ይህ ጥያቄ ተለይቶኝ አያውቅም። ዝርዝር ደንቡ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ የመጨረሻውን መልስ ከአካባቢያችሁ ፈቃድ ሰጪ ቢሮ ጠይቁ። ስህተቶቹ ግን የትም ቦታ ያው ናቸው።

«ይሄ እኮ ግድግዳ ብቻ ነው»

ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ሳሎኑን ከማእድ ቤቱ ጋር ለመቀላቀል ይፈለግና አንድ ግንበኛ ይጠራል። ግንበኛው ግድግዳውን በእጁ መታ መታ ያደርጋል። «ችግር የለውም፣ ይፈርሳል» ይላል። በቃ፣ መዶሻ ይነሳል። እባካችሁ! ግድግዳ ጭነት ይሸከም አይሸከም በመታ መታ አይታወቅም። በውፍረቱ ብቻም አይታወቅም። በድንጋይ ወይም በጡብ የተሠሩ ብዙ አሮጌ ሕንፃዎች ኮለን (ቋሚ ምሰሶ) የሚባል ነገር የላቸውም። የላይኛውን ወለልና ጣራውን ተሸክሞ ወደ መሠረት የሚያወርደው ግድግዳው ራሱ ነው። ኮለንና ቢም (ጭነት የሚሸከም አግዳሚ) ባለው ሕንፃም ቢሆን፣ የመሬት መንቀጥቀጥ የሚያመጣውን የጎን ግፊት እንዲቋቋም የተሠራ የአርማታ ግድግዳ ሊኖር ይችላል። ይህን የሚለየው የስትራክቸር፣ ማለትም የሕንፃውን ጭነት ተሸካሚ ክፍሎች የሚያሰላ፣ መሐንዲስ ነው። ፕላን ካለ ፕላኑን ያያል፤ ከሌለ ቦታው ላይ ፈትሾ ያሰላል።

«በምትኩ ቢም እናስገባለን» የሚል መልስም ይመጣል። ጥሩ። ግን ቢሙ ምን ላይ ነው የሚያርፈው? ግድግዳው ክብደቱን በርዝመቱ ሙሉ አከፋፍሎ ነበር የሚያወርደው። ቢም ሲገባ ያ ሁሉ ክብደት ሁለቱ ጫፎች ላይ ይከማቻል። ከጫፎቹ ሥር ያለው ግድግዳም መሠረቱም ይህን መቻሉ መታየት አለበት። ቢሙ እስኪገባ ድረስ የላዩን የሚይዘው ፑንቴሎ እንኳ የት እንደሚቆምና ስንት እንደሚሆን በስሌት ነው የሚወሰነው። «ይኸው አልወደቀም» ማለት ማስረጃ አይሆንም። ጉዳቱ ብዙ ጊዜ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ከላይ ያለው ክፍል በር አልዘጋ ይላል። ቀጥሎ ከመስኮቱ ማዕዘን ሰያፍ ስንጥቅ ይወጣል። ያኔ እኛ ስንጠራ ግድግዳው ፈርሶ፣ ልስኑ ተለስኖ፣ ቀለሙ ተቀብቶ ነው የምናገኘው።

በሴኡል የነበረው የሳምፑንግ የገበያ ማዕከል ከአእምሮዬ አይወጣም። ሕንፃው ለሌላ አገልግሎት ታስቦ ተጀመረ። በመሃል ወደ ገበያ ማዕከልነት ተለወጠ። ለኤስካሌተር ቦታ ሲባል ኮለኖች ተነሱ። ከመጀመሪያው ፕላን ውጭ አምስተኛ ፎቅ ተጨመረ። ጣራው ላይ የነበሩት ከባድ የአየር ማቀዝቀዣዎችም በኋላ ከቦታቸው ተጎትተው ተዛወሩ። እ.ኤ.አ. በ1995 ሕንፃው ተደርምሶ 502 ሰዎች ሞቱ። የቆመው በአንድ ስሌት ነበር፤ የተጫነበት ግን ሌላ ነው።

የአገልግሎት ለውጥን አለማስታወቅ

ግድግዳ ሳይነካ፣ መዶሻ ሳይነሳም ሕንፃ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። መኖሪያ ቤት መጋዘን ሲሆን ወለሉ ላይ የሚያርፈው ክብደት ሌላ ነው። መኖሪያው ትምህርት ቤት ሲሆን ደግሞ ደረጃውም፣ መውጫ በሩም፣ መጸዳጃውም እንደገና ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2013 ባንግላዴሽ ውስጥ የተደረመሰው ራና ፕላዛ ለሱቅና ለቢሮ የታሰበ ሕንፃ ነበር። የልብስ ፋብሪካዎች ማሽንና ጄኔሬተር ተጫነበት። ፎቆችም ያለ ተገቢ ፈቃድ ተጨመሩበት። ከ1,100 በላይ ሰው አልቋል።

«ለራምፕ ደግሞ ምን ፈቃድ?»

ለአረጋዊ አባት ወይም በዊልቸር ለምትሄድ እህት ብለው ቤት የሚያሻሽሉ ሰዎችን ከልቤ አከብራለሁ። ስለዚህ ይህን ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ። የተደራሽነት ሥራ ቀላል ይመስላል እንጂ አብዛኛው የስትራክቸር ሥራ ነው። በር ማስፋት ግድግዳ መቁረጥ ነው፤ ከበሩ በላይ ያለችው አጭር ቢምም በአዲሱ ስፋት ልክ ትቀየራለች። ሊፍት ማስገባት ሶሌታ (የፎቁን የአርማታ ወለል) መቅደድና በውስጡ ያለውን ብረት፣ ፌሮውን፣ መቁረጥ ነው። «ትንሽ ማሻሻያ» ብላችሁ ያስገባችሁት ማመልከቻ ይህን ሁሉ ካልጠቀሰ፣ የያዛችሁት ፈቃድ ለምትሠሩት ሥራ አይደለም።

ወደ ራምፑ፣ ማለትም ዊልቸር ወደሚወጣበት ተዳፋት፣ እንምጣ። በብዙ አገሮች ደንብ ትልቁ የተፈቀደ ተዳፋት 1 ለ12 ነው። እያንዳንዷ አንድ ሴንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ትፈልጋለች ማለት ነው። እያንዳንዳቸው 15 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሦስት ደረጃዎች አሏችሁ እንበል። ከፍታው 45 ሴንቲ ሜትር ነው። ራምፑ 5.4 ሜትር ይሆናል። ከላይና ከታች ዊልቸር የሚቆምበትና የሚዞርበት 1.5 ሜትር ደልዳላ ቦታ ስትጨምሩ 8.4 ሜትር ደረሳችሁ። ሰዉ ግን ሁለት ሜትር ቦታ ይዞ ይመጣና «እዚችው ላይ አድርግልኝ» ይላል። አይሆንም። ቦታ ከሌለ ራምፑ ይታጠፋል፣ ወይም ዊልቸር የሚያነሳ ሊፍት ይታሰባል፣ ወይም መግቢያው በሌላ በኩል ይሆናል። ወደ እግረኛ መንገድ ማውጣትም መፍትሔ አይሆንም። መንገዱ የሕዝብ ነው፤ ሌላ ፈቃድ ይጠይቃል።

አንድ ሕክምና መስጫ በር ላይ እንዲህ ያለ አጭርና አቀበቱ የበዛ ራምፕ አይቻለሁ። ዘበኛው ከኋላ ይገፋል፣ አስታማሚ ከፊት ይጎትታል። ሲወርዱ ደግሞ ሁለቱም ዊልቸሩ እንዳያመልጥ ይታገላሉ። ሴራሚኩ የሚያብለጨልጭ ስለነበር ዝናብ ሲነካው ጤነኛውንም ሰው ያንሸራትተዋል። ያ ሥራ ገንዘብ ወጥቶበታል፣ ሲሚንቶ ፈስሶበታል፣ ግን ማንም ብቻውን አይወጣበትም። ብቻውን መውጣት ካልቻለ ደግሞ ራምፑ ለማን ነው የተሠራው? ሸካራ ወለል አድርጉለት። በሁለቱም በኩል መደገፊያ ብረት ይኑረው። ጠርዙ ላይም የፊት ጎማ እንዳያመልጥ ከፍ ያለ ገደብ አይጠፋ።

የመጸዳጃ ቤቱ ስህተት ሌላ ነው። የበር ስፋት ሲባል የመዝጊያው ስፋት አይደለም፤ በሩ ተከፍቶ የሚቀረው ባዶ ቦታ ነው። 80 ሴንቲ ሜትር መዝጊያ ገዝታችሁ 80 ሴንቲ ሜትር ማለፊያ አታገኙም። ክፈፉና የመዝጊያው ውፍረት ይቀንሱታል። ውስጥ ደግሞ 1.5 ሜትር መዞሪያ ይተው። መያዣ ብረቶቹ የሰው ሙሉ ክብደት ስለሚያርፍባቸው ባዶ ጂፕሰም ቦርድ ላይ አይታሰሩም። ሴራሚክ ከመለጠፉ በፊት ከኋላ ጠንካራ ማሰሪያ ይገባል።

ከፈቃድ በኋላ መቀየር

ፕላኑ ጸደቀ፣ ሥራው ተጀመረ፣ ፎርማኑ «እንዲህ ቢሆን ይቀላል» አለ። እዚህ ላይ ቁሙ። እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ ካንሳስ ሲቲ ሃያት ሪጀንሲ ሆቴል ውስጥ የተንጠለጠሉት መተላለፊያዎች የወደቁት ማንጠልጠያ ብረቶቹ ለአሠራር እንዲመቹ በመቀየራቸው ነው። አንድ ረጅም ብረት በሁለት ተተካ፤ አንዱ ማሰሪያ ላይ የሚያርፈው ጭነት እጥፍ ሆነ። 114 ሰው ሞተ። ለውጥ ካለ ፕላኑ ይሻሻል፣ ይሰላ፣ ይጽደቅ፣ ከዚያ ይሠራ።

ተቆጣጣሪ ሳያይ አርማታ አትሙሉ። ፌሮው ከተሸፈነ በኋላ «አስገብቼ ነበር» ማለት ዋጋ የለውም፤ ክፈቱት ሊባል ይችላል።

ከጎረቤት ጋር የሚጋሩት ግድግዳ የእናንተ ብቻ አይደለም። ከመንካታችሁ በፊት ጎረቤቱን አስፈቅዱ፤ የነበሩትንም ስንጥቆች አብራችሁ ፎቶ አንሱ።

ሰው እየኖረበት የሚታደስ ሕንፃ ውስጥ መውጫውን በአሸዋና በብሎኬት አትዝጉ።

ሥራው ሲያልቅ የማጠናቀቂያ ምርመራውን ጠይቁ። በትክክል የተሠራውን የሚያሳየውን ፕላንና ስሌቱን ከፈቃዱ ጋር አንድ ላይ አስቀምጡ። ከዓመታት በኋላ ሌላ ሰው ያንኑ ግድግዳ ሊነካ ሲመጣ፣ መሐንዲሱ መጀመሪያ የሚጠይቀው እነዚህን ወረቀቶች ነው።