መሬት መቼ፣ ምን ያህል ጥልቀትና እንዴት ይታረሳል?

እርሻ ሦስት ዋና ዋና ሥራዎች አሉት፤ አረም ያጠፋል፣ የደደረውን አፈር አላልቶ ውኃና አየር እንዲሰርጉበት ያደርጋል፣ ዘሩ የሚያርፍበትንም መደብ ያዘጋጃል። ከእነዚህ አንዱን እንኳ የማያግዝ ተጨማሪ ምልልስ አፈሩን ከማድከምና ጉልበት ወይም ነዳጅ ከማባከን ያለፈ ጥቅም የለውም።

ከሁሉ አስቀድሞ መታየት ያለበት የአፈሩ እርጥበት ነው። በእኔ እምነት ከመሣሪያው ዓይነትም ሆነ ከጥልቀቱ ይልቅ የእርሻውን ውጤት የሚወስነው ይኸው ነው። ማሳው መካከል ገብተው፣ ማረሻው ከሚደርስበት 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ አንድ እፍኝ አፈር ያውጡ፤ ላዩ ደርቆ ሥሩ ገና ጭቃ ሊሆን ስለሚችል ከገጽ ላይ የተዘገነ አፈር ያሳስታል። ያወጡትን ካድቦለቦሉ በኋላ በሁለት መዳፍዎ መካከል እያሹ እንደ ክር ለማቅጠን ይሞክሩ። እስከ 3 ሚሊ ሜትር ድረስ ሳይበጣጠስ ከቀጠነ ለእርሻ ገና እርጥብ ነው። ያን ጊዜ ቢያርሱት ማረሻው አፈሩን በመፈርፈር ፈንታ ይለስነዋል፤ የትልሙ ግድግዳ ያብረቀርቃል፣ ሲደርቅም ጓሉ በመከስከሻ እንኳ የማይበገር ይሆናል። ክሩ ሳይቀጥን ከተበጣጠሰና በአውራ ጣት ሲጫኑት ከተፈረፈረ ግን ጊዜው ደርሷል። ይህ ምርመራ በተለይ የሚጠቅመው ሸክላነት ላለው አፈር ነው፤ አሸዋማ አፈር ቶሎ ስለሚጠነፍፍ ያን ያህል አያስቸግርም።

የመጀመሪያው እርሻ፣ ማለትም ገመሳው፣ ለአብዛኛው ሰብል ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ቢወርድ ይበቃል። ለም አፈሩ ስስ በሆነበት ማሳ ከዚያ በታች እየገቡ መገልበጥ ፍሬ የማይሰጠውን የታችኛውን አፈር ወደ ላይ ያወጣዋል። ከገመሳው በኋላ ከ2 እስከ 3 ሳምንት መታገሥ ይገባል፤ በእርሻው የተቀሰቀሰው የአረም ዘር በቅሎ አይማው፣ ማለትም ሁለተኛው እርሻ፣ ሲደርስ በለጋነቱ ይነቀላል። በሥሩ የሚራባ አረም ግን ሲቆራረጥ ይበዛልና ሥሩን ወደ ላይ አውጥቶ ፀሐይ እንዲያደርቀው መተው ይሻላል። አፈር በማይገለብጥ ማረሻ በትልምና በትልም መካከል ያልታረሰ መሬት ስለሚቀር፣ አይማው የገመሳውን ትልም ማቋረጥ አለበት። በተዳፋት ላይ ግን የመጨረሻው ትልም ምንጊዜም ተዳፋቱን አግድሞ መሄድ ይኖርበታል፤ ሽቅብና ቁልቁል የተሳበ ትልም ለጎርፍ የተቀደደ ቦይ ነው።

በየዓመቱ በአንድ ዓይነት ጥልቀት የሚታረስ መሬት ከማረሻው ጫፍ በታች የደደረ ንብርብር ያበጃል። ሰብሉ ያለ በቂ ምክንያት ሲቀጭጭ ወይም ዝናብ ባባራ ማግሥት ውኃ ሲያቁር፣ በአካፋ ጎድጓድ ቆፍሮ ሥሩን ማየት ያስፈልጋል። ቁልቁል ሲወርድ የነበረው ሥር በድንገት ወደ ጎን ታጥፎ ከተገኘ ችግሩ ያ ንብርብር ነው። እሱንም በጥልቅ ሰንጣቂ መሣሪያ መስበር የሚቻለው አፈሩ ደረቅ ሲሆን ነው፤ እርጥብ ከሆነ መሣሪያው ቀጭን ስንጥቅ ጥሎ ያልፋል እንጂ ዙሪያውን አይሰነጥቀውም።

የመጨረሻው ልስላሴ በዘሩ መጠን ይለካል። ደቃቅ ዘር የደቀቀና ጠቅጠቅ ያለ መደብ ይፈልጋል፤ ትልቅ ዘር ትንንሽ ጓሎች መካከልም ይበቅላል። አፈርን እንደ ዱቄት ማድቀቅ ግን ለማንም አይበጅም፤ የመጀመሪያው ዝናብ ሲመታው ገጹ እንደ ቅርፊት ይጋገርና ቡቃያው ሰብሮት መውጣት ያቅተዋል።

ከልብ የምመክረው ሌላው ነገር ተረፈ ምርቱን ሙሉ በሙሉ አለመቅበር ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የአሜሪካ ታላላቅ ሜዳዎች በድርቅ ሲመቱ፣ ሣሩ ታርሶ የተራቆተው አፈር በነፋስ እየተጠረገ ከግዛት ግዛት ተሻግሯል። ከዘር በኋላ ቢያንስ 30 በመቶ የሚሆነው የማሳው ገጽ በአገዳና በገለባ ቢሸፈን የጠብታው ምትና የነፋሱ ጉልበት ይቀንሳል። ይህን የሚመርጥ ገበሬ የምልልሱን ቁጥር ሲቀንስ አረሙን በሌላ መንገድ ለመቆጣጠር አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት፤ ማረሻው ይሠራው የነበረው የአረም ሥራ በእጅ፣ በመድኃኒት ወይም ሰብል በማፈራረቅ መተካት አለበትና።