ስለ ሠዓሊው ዴቪድ ሮበርትስ ሲጻፍ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

የግብፅን ቤተ መቅደሶች፣ ፔትራንና ኢየሩሳሌምን የሣለው ስኮትላንዳዊ ዴቪድ ሮበርትስ ሥራዎቹ በየመጽሐፉ ሽፋን ላይ ስለሚታዩ በደንብ የምናውቀው ይመስለናል። ስለ ሕይወቱ በሚጻፈው ላይ ግን አንዳንድ ስህተቶች ይደጋገማሉ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛው ስህተት ሮበርትስን ገንዘብ ተርፎት አገር ለማየት የወጣ ባላባት አድርጎ ማቅረብ ነው። ሮበርትስ በ1796 ኤድንብራ አጠገብ የተወለደ የጫማ ሰፊ ልጅ ነው፤ ሰባት ዓመት ከቤት ቀለም ቀቢ ዘንድ ሙያ ተምሮ፣ ከዚያም በኤድንብራ፣ በግላስጎው በመጨረሻም በለንደን ድሩሪ ሌንና ኮቬንት ጋርደን በተባሉት ቴአትር ቤቶች ለመድረክ ጀርባ የሚዘረጉ ትልልቅ ሥዕሎችን እየሠራ ኖሯል። በእኔ እምነት ይህን የዘለለ ጸሐፊ ሥዕሎቹን አይረዳም፤ ሰማይ የሚነኩት ዓምዶች፣ ከእግራቸው ሥር የተበተኑት ትንንሽ ሰዎች፣ ከጎን የሚገባው ብርሃን ሁሉ ከመድረክ የመጡ ናቸውና። «የቪክቶሪያ ዘመን ሠዓሊ» ሲባልም ንግሥቲቱ በ1837 ዙፋን ላይ ስትወጣ እርሱ የ40 ዓመት ሰው እንደነበረ፣ የስፔንንም ሕንጻዎች አስቀድሞ ዞሮ እንደሣለ ማስታወስ ይገባል።

ከሁሉ የሚከብደው ስህተት ዛሬ የምናያቸውን ኅትመቶች የእርሱ ብቻ የእጅ ሥራ አድርጎ መቁጠር ነው። ሮበርትስ በነሐሴ 1838 ወደ ግብፅና ወደ ቅድስት አገር ተነሥቶ በሐምሌ 1839 ሲመለስ ይዞት የመጣው ንድፎችን ነበር። እነዚያን በኅትመት ድንጋይ ላይ እንደገና የሣላቸው ቤልጅየማዊው ሉዊ ሃግ ነው፤ ቀኝ እጁ ከልደቱ ጀምሮ ጉዳተኛ ስለነበር ያን ሁሉ ሥራ የሠራው በግራ እጁ ነው። ኅትመቱ ከ1842 እስከ 1849 ድረስ በክፍል በክፍል ወጣ። በሥዕሉ ጥግ «ኢየሩሳሌም፣ ሚያዝያ 1839» የሚል ከተነበበ የንድፉ እንጂ የኅትመቱ ቀን አይደለም፤ ስለዚህ በመግለጫው ላይ የሁለቱም ስምና የሁለቱም ዓመት ሊጻፍ ይገባል።

ሥዕሎቹን እንደ ፎቶግራፍ ማመንም ሆነ ጨርሶ መናቅ ስህተት ነው። የፈረንሳዊው ዳጌር የፎቶግራፍ አሠራር ለሕዝብ የተገለጠው በነሐሴ 1839 ስለሆነ ሮበርትስ የተማመነው በዓይኑና በእጁ ብቻ ነው፤ በፊት ለፊት የሚታዩትን ሰዎችም የሕንጻው ግዝፈት እንዲታወቅ እንደሚመቸው ያሰፍራቸው ነበር። ይሁን እንጂ የኤድፉን ቤተ መቅደስ ፈረንሳዊው የጥንታዊ ቅርስ ተመራማሪ ማሪየት በ1860 ማስቆፈር ከመጀመሩ በፊት፣ ዓምዶቹ እስከ አናታቸው አጠገብ በአሸዋ ተውጠው ሳሉ ሥሎታል። የአቡ ሲምበልን ቤተ መቅደስም የሣለው በ1960ዎቹ ተቆራርጦ ወደ ከፍታ ሳይዛወር በቀድሞ ቦታው ላይ እንዳለ ነው።

የካይሮን መስጊዶች ተደብቆ ገብቶ ሣለ የሚለው ትረካም ልክ አይደለም። የገባው በባለሥልጣናት ፈቃድ ነው፤ የቱርክ ልብስ እንዲለብስና ከአሳማ ፀጉር በተሠራ ብሩሽ እንዳይሠራ ተነግሮት በዚያው ተስማምቷል።

በመጨረሻ ለእኛ አንባቢዎች የሚቀርብ አንድ ነገር አለ። ሮበርትስ በኢየሩሳሌም የጌታችን መቃብር ያለበትን ቤተ ክርስቲያን መግቢያ ሥሏል። ያ ሥዕል የደቡቡን በር ፊት እንጂ በጣሪያው ላይ ያለውን ዴር ሡልጣን ገዳማችንን ስለማያሳይ፣ ስለ ገዳሙ በሚጻፍ ጽሑፍ ውስጥ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ አይችልም።