ትልቁን የፊልም ፋይል ከጅማ እንዴት ላክሁት

ዶክኖማድስ ለሚባለው የማስተርስ ፕሮግራም ሳመለክት ነው። የዶክመንተሪ ዳይሬክቲንግ ትምህርት ነው፤ ሊዝበን፣ ቡዳፔስትና ብራስልስ እየተዘዋወሩ ይማሩታል።

ፊልሜ ስለ ጅማ በርጩማ ጠራቢዎች ነው። ርዝመቱ 10 ደቂቃ፤ ፋይሉ ግን 4 ጊጋ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ኔቱ ደግሞ ግማሽ ላይ ሲደርስ ቁርጥ! ከዚያ እንደገና ከዜሮ።

ያዳነኝ ቢትሬቱን፣ ማለትም ቪዲዮው በየሴኮንዱ የሚወስደውን የዳታ መጠን፣ መቀነስ ነው። በሴኮንድ 50 ሜጋቢት ሲሆን 10 ደቂቃ 3.75 ጊጋ ገደማ ይመዝናል። በ5 ሜጋቢት ግን 375 ሜጋ ብቻ። ሃንድብሬክ የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ላይ ኤች 264 የሚባለውን የቪዲዮ መጭመቂያ መረጥሁ፣ የምስሉን መጠን 1080 ላይ ተውሁት፣ ቢትሬቱን 5000 ኪሎቢት (ያው 5 ሜጋቢት) አደረግሁ። በሁለት ዙር እንዲሠራም አዘዝሁት፤ መጀመሪያ ቪዲዮውን ያጠናል፣ ከዚያ ይጨምቃል። ላፕቶፑ ይግላል፣ ጊዜም ይፈጃል፣ ግን ያዋጣል። የእንጨቱ መስመር እንኳ አልደበዘዘም።

የእንግሊዝኛ ሰብታይትሉንም እዚያው ምስሉ ላይ አተምሁት። ለብቻው ተልኮ ቢጠፋ ጠራቢዎቹ በኦሮምኛ የሚያወሩትን ማን ሊረዳ ነው?

የጫንሁት ሌሊት፣ ሰፈሩ ሁሉ ከቲክቶክ ሲወርድ ነው። ሳይቆረጥ ሄደ። ዋናውን ፋይል ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ ከተጨመቀው ኮፒ ጥራቱን መመለስ አይቻልም።