ትልቅ ትራውት ፍለጋ ስትወጡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ካለችው ከዴንቨር ከተማ በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ሲነዳ ሳውዝ ፓርክ የሚባል ሰፊ ሜዳ አለ። የሳውዝ ፕላት ወንዝ እዚያ ሜዳ ላይ፣ በስፒኒ ማውንቴንና በኢለቨን ማይል ግድቦች መካከል እየተጠማዘዘ ይወርዳል። አጥማጆች «ድሪም ስትሪም» ይሉታል። በመጸው ወራት ብራውን ትራውት የሚባሉ ትልልቅ የትራውት ዝርያ ዓሦች እንቁላል ሊጥሉ ከታችኛው ሐይቅ ሽቅብ ይወጣሉ። እኛ ከዴንቨር አጠገብ አውሮራ ያለን ጥቂት አበሾችም እነሱን ፍለጋ ሳይነጋ እንነሳለን። እዚያ የማያቸው ስህተቶች ተመሳሳይ ናቸው። አብዛኞቹ የሚመጡት ከመቸኮል ነው።

የመጀመሪያው እንደደረሱ ውሃ ውስጥ መግባት ነው። ውሃ የማያስገባውን ረጅም ሱሪ የለበሰ ሰው እግሩ አያርፍለትም። ትልቁ ዓሣ ግን ብዙ ጊዜ መሃል ላይ አይደለም። ዳር ላይ፣ ሣሩ ውሃውን የሚያጠላበት ቦታ ነው ያለው። አንድ የጥቅምት ጠዋት እግሬን ገና ስነክር፣ ከጉልበት በታች ከሆነ ውሃ ውስጥ ክንዴን የሚያህል ዓሣ ተፈትልኮ ወጣ። ጀርባው ውሃውን ሰንጥቆት ሄደ። የተነሳው ጭቃ እስኪጠራ ድረስ ቆሜ አየሁት። አሁን ከዳሩ ራቅ ብዬ፣ ተንበርክኬ፣ አሥር ደቂቃ ውሃውን ሳላይ ዘንጌን አልዘረጋም። ትራውት ፊቱን ወደ ወንዙ መምጫ አዙሮ ስለሚቆም ከኋላው፣ ከታች ወደ ላይ ቅረቡት። የውሃውን ነጸብራቅ የሚቆርጥ ፖላራይዝድ መነጽርም ከውድ ዘንግ በፊት ግዙ።

ሁለተኛው ዝንብ ሲለዋውጡ መዋል ነው። ዝንብ የምንላት በክርና በላባ መንጠቆ ላይ የታሰረችውን ሰው ሠራሽ ነፍሳት ነው። እዚህ ወንዝ ላይ ከሩዝ ፍሬ የምታንስም ትሠራለች። ዓሣው እንቢ ሲል ብዙ ሰው ሌላ ቀለም ያስራል። ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ አወራረዷ ነው። ትራውት የለመደው ውሃው ራሱ ይዞለት የሚመጣውን ምግብ ነው። መሃል ያለው ፈጣን ውሃ ወፍራሙን ክር ቀድሞ ሲወስደው ክሩ ይለጠጥና ዝንቧን ይጎትታታል። ከኋላዋ ቀጭን መስመር እየሠራች ስትሄድ ካያችሁ ዓሣው አይነካትም። ክሩ ውሃው ላይ እንዳረፈ በዘንጉ ጫፍ አንሱና ወደ ላይኛው አቅጣጫ መልሱት። ያኔ ዝንቧ ብቻዋን እንደወደቀች ነፍሳት ትንሳፈፋለች።

የሚቀጥለው ላይ ረጋ ብዬ ላውራ፣ በጣም የሚያሳስበኝ እሱ ነውና። እንቁላል በሚጣልበት ቦታ መራመድና ማጥመድ! ብራውን ትራውት በመጸው፣ ሬይንቦው የሚባለው ሌላው ዝርያ ደግሞ በጸደይ እንቁላሉን ይጥላል። ሴቷ በጎኗ ተኝታ ጠጠሩን በጅራቷ ትመታዋለች። ደለሉና አልጌው ታጥቦ ይሄዳል፣ ምጣድ የሚያህል ወይም ከዚያ የሚሰፋ ጎድጎድ ያለ ንጹሕ ቦታ ይቀራል። ከአካባቢው ጠጠር ይልቅ ፈካ ስለሚል አንዴ ካያችሁት ሁሌም ትለዩታላችሁ። እንቁላሎቹ ከጠጠሩ ሥር ይከርማሉ። አንድ ሰው ሲረግጠው ስንቱ እንደሚፈርጥ አስቡት። ዓሦቹ እዚያ ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ግልጥ ብለው ስለሚታዩ ያጓጓሉ። እነሱን እዚያ ማጥመድ ግን ምጥ የያዛትን መረበሽ ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው ሳይ ጠጋ ብዬ፣ በትሕትና፣ እነግረዋለሁ። ብዙዎቹ ሳያውቁ ነው። ከዚያ ቦታ ራቅ ብሎ ጠለቅ ያለ ውሃ አይጠፋም፤ እዚያ ሞክሩ።

ዝንቧ ላይ በጣም ቀጭን ክር ማሰርም ሌላው ስህተት ነው። ዓሣው እንዳያየው ተብሎ ነው። ትልቅ ትራውት ግን በቀጭን ክር ቶሎ አይወጣም፣ ሲታገል ውሎ ኃይሉ ያልቃል። ክሩ በተቻለ መጠን ወፍራም ይሁን፣ ዘንጋችሁንም ወደ ጎን ዝቅ አድርጋችሁ ጎትቱ። በበጋ ደግሞ ቴርሞሜትር ያዙ። ትራውት የደጋ ዓሣ ነው። ከኬንያ የመጣው ትራውት ባሌ ላይ በዌብ ወንዝ የተላመደውም ውሃው ቀዝቃዛ ስለሆነ ነው። የውሃው ሙቀት 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከደረሰ ኦክስጅኑ ያንሳል፤ ያኔ የተለቀቀ ዓሣም ሊሞት ስለሚችል ዘንጉን አጥፋችሁ ወደ ቤት ሂዱ።

ፈቃድና ልብስም አይረሱ። ኮሎራዶ ውስጥ 16 ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ የማጥመጃ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ቦታው ከአዲስ አበባም ከፍ ያለ ስለሆነ ነፋሱ አጥንት ይሰብራል።

የመጨረሻው፣ ፎቶ ሲነሳ የሚሠራው ስህተት ነው። የሐዋሳን ዓሣ ገበያ እያየ ላደገ ሰው የያዙትን መልቀቅ ግር ሊል ይችላል። ድሪም ስትሪም ላይ ግን ትራውት ሁሉ ይለቀቃል፣ ሕጉ ነው። ዓሣውን በደረቅ እጅ ስትነኩት ከበሽታ የሚከላከልለት ዝልግልግ ልባስ ይነሳል። እጃችሁን አስቀድማችሁ አርጥቡ፣ የጎማ መረብ ያዙ፣ ጠጠር ላይ አታስተኙት። ፎቶ አንሺው ካሜራውን እስኪያዘጋጅ ዓሣው መረቡ ውስጥ፣ ውሃው ውስጥ ይቆይ። ብድግ፣ ጠቅ፣ መልሶ ውሃ። ከዚያ ፊቱን ወደሚመጣው ውሃ አዙራችሁ ሆዱን በመዳፋችሁ ደግፉት። ስንጥቡ ሲከፈትና ሲዘጋ ታያላችሁ። አትግፉት። ጅራቱ እጃችሁ ውስጥ ሲጠነክር ራሱ ይሄዳል።