«ወንጀል ለምን ይፈጸማል?» ለሚል ጥያቄ መልስ ስትጽፉ

ሶሺዮሎጂ አስተምራለሁ። ወረቀት ሳርም በጣም የሚሰለቸኝ «የወንጀል መንስኤ ድህነት ነው» የሚል መልስ ነው። ድህነት አያገባውም ማለቴ አይደለም። ግን አብዛኛው ድሃ አይሰርቅም፤ የሚሰርቅ ሀብታምም ሞልቷል። ስለዚህ ከመጻፋችሁ በፊት የትኛውን «ለምን» እንደምትመልሱ ለዩ።

አንድ ጉዳይ እንያዝ። ሥራ የሌለው ወጣት በጠራራ ፀሐይ ሰው የሌለበት ቤት ገብቶ ላፕቶፕ ይዞ ወጣ።

መጀመሪያ «ለምን እዚያ ቤት፣ ለምን በዚያ ሰዓት?» በሉ። ተማሪ የሚዘለው ይህን ነው፤ እኔ ደግሞ የምወደው ይህን ነው። ሶሺዮሎጂስቶቹ ላውረንስ ኮኸን እና ማርከስ ፌልሰን እ.ኤ.አ. በ1979 እንደጻፉት (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ ስርቆት እንዲፈጸም ሦስት ነገሮች መገጣጠም አለባቸው፦ ለመስረቅ የተነሳ ሰው፣ ዓይን የሚገባ ንብረት፣ ጠባቂ ማጣት። ያነሳሳቸው በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ኑሮ እየተሻሻለ ወንጀል መጨመሩ ነበር። ምን ተለወጠ? ሴቶች ለሥራና ለትምህርት ከቤት ወጡ፤ ቤቱ ቀን ቀን ባዶውን ዋለ። ቴሌቪዥኑም እየቀለለ ሄዶ አንድ ሰው ተሸክሞት የሚሮጠው ዕቃ ሆነ። (ይህን ተምሮ «ጥፋቱ የሴቶቹ ነው» ብሎ የሚጽፍ አይጠፋም። እንደዚያ አልተባለም።)

ቀጥሎ «ወንጀል ለምን በዚህ ሰፈር በዛ?» በሉ። ክሊፎርድ ሾው እና ሄንሪ ማኬይ የቺካጎን ወጣት አጥፊዎች መኖሪያ በካርታ ላይ አስፍረው ነበር። በአንዳንድ ሰፈሮች ነዋሪው ተለዋወጠ፤ አንዱ ስደተኛ ወጥቶ ሌላው ገባ። የወንጀሉ መጠን ግን ከፍ እንዳለ ቀረ። እንግዲህ በዘር ማሳበብ አያዋጣም። ነዋሪው ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጥ ከሆነ ጎረቤት ከጎረቤት አይተዋወቅም፤ የጎረቤት ልጅ ሲያጠፋ አይቶ «ተው!» የሚል ይጠፋል።

ሦስተኛው «ለምን እሱ?» ነው። ሮበርት መርተን በ1938 ያለው ባጭሩ ይህ ነው፦ ማኅበረሰቡ ሁሉንም ሰው «ሀብታም ሁን» ይላል፣ መንገዱን ግን ለሁሉም አይከፍትም። ትራቪስ ሂርሺ ደግሞ በ1969 ጥያቄውን ገለበጠው፦ ሌሎቻችንስ ለምን አንሰርቅም? ስለዚህ ወጣቱ ቢያዝ የሚያጣው ምን እንደሆነ ጻፉ። የሚያፍርለት ሰው አለው? የሚሰጋለት ሥራስ?

ፈረንሳዊውን ሶሺዮሎጂስት ኤሚል ዱርካይምን ሁሉም ይጠቅሳል። ወንጀል የሌለበት ማኅበረሰብ የለም ማለቱ ለመግቢያ ይጠቅማችኋል፤ ይህ ላፕቶፕ ለምን እንደተሰረቀ ግን አይነግራችሁም።

አሁን መልሳችሁን ፈትኑት። ወጣቱን አውጡና በቦታው አንድ የኩባንያ ሥራ አስኪያጅ አስገቡ። ኤድዊን ሰዘርላንድ በ1949 ባሳተመው ጥናት 70 ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን መረመረ፤ ሕግ ጥሰሃል የሚል ውሳኔ ያልተላለፈበት አንድም አልነበረም። ድህነት ብቻ ብላችሁ ከሆነ መልሳችሁ እዚህ ላይ ይፈርሳል። ሰዘርላንድ ወንጀል የሚለመደው ከቅርብ ሰዎች ነው ይል ነበር፤ ዘዴውም ማመካኛውም። ይህ ለወጣቱም ለሥራ አስኪያጁም ይሠራል።

«ወንጀለኛ» የሚለውን ስም የሚያወጣው ማን እንደሆነም ጠይቁ። ሃዋርድ ቤከር በ1963 ያነሳው ይህንን ነው። ወጣቱ «ሌባ» ተብሎ ይቀራል፤ ኩባንያው «ቅጣቱን ከፈለ» ይባላል። ከእስር ሲወጣ «ሌባ» የተባለውን ማን እንደሚቀጥረው አንድ አንቀጽ ጨምሩበት። እኔ ነጥብ የምሰጠው እዚያ ላይ ነው።